የወጌሻ ልጅ እግር

አባቴ ወጌሻ ነበር። ቤታችን ቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከፋሲል መዋኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ከወገራም ከደንቢያም እጁ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ተጭኖ ይመጣ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የአባቴ ረዳት እኔ ነበርኩ። ሥራዬ በሽተኛውን ከብብቱ ሥር አቅፎ መያዝ ነው። አባቴ ወደ ታች ይስባል፣ እኔ ወደ ላይ እይዛለሁ፣ በሽተኛው መካከል ላይ ይጮኻል። በአሥራ አራት ዓመቴ ተድሬ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ባሌን ፈትቼ ስመለስ አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ክንድሽ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው።”

“ሸጋ። ነገ ትከሻው የወለቀ ሰው ይመጣል።”

ስለ ባሌ ዳግመኛ አላነሣንም።

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ የባላገር በሽተኛ ቀነሰ። ሰው መሰበሩን አልተወም፤ ኬላውን ነው የፈራው። በየኬላው “እግርህን ምን ሰበረው?” የሚል ጥያቄ አለ፤ እውነተኛው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገር አልነበረም። እኔም ሥራ ብፈታ ጊዜ ከሰፈር ሴቶች ጋር ፒያሳ ቀን ሥራ ገባሁ። ፒያሳ ያኔ ጉድጓድ፣ አሸዋና የድንጋይ ክምር ነበረች። ሁለት ሁለት እየሆንን በባሬላ አሸዋ እናመላልሳለን። አባቴ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወደዚያ ሰፈር እግሩን አንሥቶ አያውቅም። የእኔን መሄድም አልወደደውም፤ ግን አልከለከለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። በሚሠራ ቤት ጣሪያ ላይ ገና ያልተመታ ቆርቆሮ ነበር። የባሬላውን ፊት ይዤ በቤቱ ሥር ሳልፍ ቆርቆሮው ተንሸራቶ ወረደ። እኔ ያየሁት ነገር የለም። ከኋላዬ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ገመድ የተበጠሰ መስሎኝ ዞሬ ባሬላውን አየሁ። ባሬላው ደህና ነው። ከኋላ የያዘችው ጓደኛዬ ግን ቁልቁል እግሬን እያየች አፏን ከፍታ ቀርታለች። ቆርቆሮው በእኔና በባሬላው መካከል ገብቶ ቀኝ እግሬን ከተረከዜ ከፍ ብሎ ቆርጦት ነበር።

ደሙ ያን ያህል አልነበረም፤ ሕመሙም እንደዚያው። ልራመድ ስል ግን እግሬ መሬቱን መግፋት አቃተው። ጣቶቼን ወደ ላይ ማንሣት እችላለሁ፤ ወደ ታች መጫን አልችልም። ካቦው መጣና መጀመሪያ የፈሰሰውን አሸዋ አይቶ ተቆጣ። ቀጥሎ እግሬን አየና ቁጣውን ተወ። የቀረውን አሸዋ ደፍተው በዚያው ባሬላ አስተኙኝ።

“ሐኪም ቤት እንውሰድሽ” አለኝ ካቦው።

“የወጌሻ ልጅ ነኝ። ቤቴ ውሰዱኝ” አልኩ።

አባቴ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበና በደረቴ አስተኛኝ። ደህናውን ባቴን በእጁ ጨበጥ ሲያደርገው እግሬ ጎንበስ አለ፤ ባት ሲጨበጥ ጅማቱ ተረከዝን ስለሚስብ ነው። የተጎዳውን ባት ጨበጠው። እግሬ እንዳለ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

“አልመለሰልኝም” አለ።

ከዚያ ቁጢጥ አለ። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ የወለቀ ይመልሳል። ስለ ተበጠሰ ጅማት ግን ከአባቱ የወረሰው ነገር አልነበረም።

“በሬ ቢሆን እናርደው ነበር” አለ።

“እኔስ?”

“አንቺማ አትታረጂም” አለኝ፣ ነገሩን በደንብ አስቦበት እንደ ወሰነ ሰው።

ባሬላውን ይዘው የመጡት ሰዎች ጠላ ተቀድቶላቸው ገና መጠጣት ላይ ነበሩ። አባቴ ደህናውን ጋቢውን ለበሰና “ጨርሱና አንሡ” አላቸው። “ወዴት?” አሉት። የባሬላውን ፊት ራሱ ያዘና ወደ ጣሊያን ሐኪም ቤት ዳገቱን ተያያዘው።

ሐኪሙ አጭር፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ነበር፤ ሁሉም “ዶቶሬ” ይለዋል። አባቴ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ እጁን ነው ያየው። አስተርጓሚው ደግሞ የሐማሴን ሰው ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ይተረጉማል።

ዶቶሬው በደረቴ አስተኛኝና ደህናውን ባቴን ጨበጠ፤ ከዚያ የተጎዳውን። አባቴ ከበሩ አጠገብ ሆኖ አንገቱን አሰገገ።

“ይህን ማን አስተማረህ በለው ልጄ” አለ።

“ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት ይላል።”

“እኔ ከአባቴ ነው በለው።”

ተረጎመለት። ዶቶሬው ቀና ብሎ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በአፍንጫዬ ላይ ሽታው የሚሰነፍጥ ጨርቅ አደረጉብኝ፤ ሌላ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ እግሬ ከጣቴ ሥር እስከ ታፋዬ በነጭ ጀሶ ተገንብቷል። የፒያሳን ግድግዳ የሚለስኑበት ጀሶ ነው፤ አውቀዋለሁ። እግሬ በውስጡ ልክ እንደምንጠራራ ሆኖ ወደ ታች ተዘርግቶ ነው የታሰረው። ዶቶሬው ነገሩን በአስተርጓሚው በኩል አስረዳን። ጅማቱን በሐር ክር ጫፍ ለጫፍ ሰፍቶታል። እግሬ ቀና ካለ ስፌቱ ይሳባል፤ ስለዚህ ሰባት ሳምንት አይንቀሳቀስም።

“ሰባት ሳምንት ታስሮ ከቆየ ይሰልላል በለው” አለ አባቴ።

አስተርጓሚው አባቴን አየ፣ ጀሶውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። ዶቶሬው ግንባሩን ቋጠረ።

“ለማን ነው የሚሰልለው? ይላል” አለ አስተርጓሚው።

“ምነው፣ ለማን ይሆናል? የታሰረ እግር ሁሉ ይሰልላል እኮ!”

በዚያን ጊዜ በስለላ ተጠርጥሮ የሚታሰረው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከአልጋዬ ሆኜ “ይከሳል፣ ይመነምናል ማለቱ ነው” ብዬ ጮኽኩ። አስተርጓሚው እፎይ አለና እንደገና ተረጎመ። ዶቶሬውም ሳይስቅ መለሰ።

“አዎን፣ ይመነምናል ይላል። የመነመነ ሥጋ ይመለሳል፤ በደንብ ሳይይዝ የተበጠሰ ጅማት ግን ሁለተኛ መስፋት ከባድ ነው ይላል።”

አባቴ አሰበ።

“ይሄስ እውነት ነው” አለ። ወዲያው አስተርጓሚውን ክንዱን ይዞ “ይህን እንዳትነግረው” አለው።

እሱ ግን ተረጎመው።

ዐሥር ቀን እዚያ ተኝቼ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ስለ ሕመም ብዙ ሰው ያወራል፤ ስለ ማሳከክ ግን የሚያወራ የለም። ጀሶው ውስጥ ቁንጫ ገባ። መግባቱን አውቃለሁ፤ መውጣቱን አላውቅም። አንዲት ጎረቤታችን ስፌት የምትሰፋበትን ረጅም ሰንደዶ አመጣችልኝና በጀሶው አፍ አስገብቼ እግሬን አክካለሁ። ሰንደዶው መጀመሪያ አልገባ ብሎ ይታጠፍ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ልቡ ይገባል። በአራተኛው ሳምንት ጣቴ ገባ። ተኝቼ ስገላበጥ እግሬ ጀሶው ውስጥ ሲዋልል ይሰማኛል። ጀሶው ስለ እኔ ግድ ሳይኖረው አንድ ቦታ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ነኝ ከውስጡ እየጠፋሁ ያለሁት።

አባቴ በየቀኑ ጠዋት ጣቱን በጀሶው አፍ ያስገባል።

“ዛሬ ሁለት ጣት ገባ” አለ አንድ ቀን።

“ጀሶው ሰፍቶ ይሆናል” አልኩት።

“ጀሶ አይሰፋም።”

ወጣና ቢላዋውን ስሎ ተመለሰ። አጠገቤ ተቀምጦ ቢላዋውን ጭኑ ላይ አደረገና ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ይመለከት ጀመር። ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተምር የኖረው አንድ ነገር ነው፤ ስብራት ይታሰራል፣ ግን በየሦስት ቀኑ ይፈታል፣ ይታሻል፣ እንደገና ይታሰራል። በእሱ እጅ የዳነ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የዳነው። የገዛ ልጁ ግን ዓይኑ እያየ እንደ እንጨት ትደርቅበታለች።

“ልትፈታው ነው?” አልኩት።

“እንጃ።”

“ዶቶሬው ሰባት ሳምንት ብሏል።”

“ሰምቻለሁ።”

እኔ አልከለከልኩትም፤ ፍታውም አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር እንዲፈታው ፈልጌ ነበር፤ ስለ ጅማቱ ግድ ኖሮኝ አይደለም፣ ስለ ማሳከኩ ነው።

አባቴ የተቀመጠው በአልጋዬ ጫፍ ነበር። አልጋው ያረጀ ስለሆነ በዚያው ሳምንት አንደኛውን ጎን በአዲስ ጠፍር ወጥሮት ነበር። ጠፍሩ እርጥብ ቆዳ ነው፤ ሲወጥረው “እስኪደርቅ በዚህ በኩል እንዳትተኚ፣ ይረግባል” ብሎኝ ነበር። አሁን እጁ ሳያስበው ጠፍሩ ላይ አረፈ። ደርቋል። በአውራ ጣቱ ገፋው፣ እንደ ክራር ጅማት መለሰለት። አሁንም ገፋው። ከዚያ ቢላዋውን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ሰካውና ጋቢውን ይዞ ወጣ።

የሄደው ሐኪም ቤት ነው። የሆነውን አስተርጓሚው በኋላ ነገረኝ። አባቴ በሽተኛ በሚታይበት ሰዓት ሰተት ብሎ ገብቶ “ጅማቱ እንደ ጠፍር ነው በለው” አለ። አስተርጓሚው ጠፍር ምን እንደሆነ በጣሊያንኛ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። እርጥብ ጠፍር ላይ የተኛ ሰው አልጋውን ያረግባል። እስኪደርቅ የታገሠ ግን ዘመኑን ሁሉ ይተኛበታል። ዶቶሬው መሣሪያውን አስቀምጦ ሰማና “በትክክል እንደዚያ ነው” አለ። ከዚያም ጠየቀ፤

“ከደረቀ በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ?”

“ከደረቀ በኋላማ ካልታሸ ይሰነጠቃል። ቅቤ ቀብቶ ማሸት ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ።”

“እንግዲያውስ መድረቁ የእኔ ነው፤ ማሸቱ ያንተ ነው” አለው ዶቶሬው።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ እንደ ተሾመ ሰው ነበር። እስከ ሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ ጣቱን ጀሶው ውስጥ አላስገባም።

ጀሶው የተፈታው በትልቅ መቀስና በትንሽ መጋዝ ነው። ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልገልጸውም። እግሬ ከእኔ ጋር ያደገ እግር አይመስልም ነበር። ቆዳው እንደ አሮጌ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ይልጣል፣ ፀጉሩ አድጓል፣ ባቴ የነበረበት ቦታ ሜዳ ሆኗል። ጉልበቴ ብቻ ትልቅ ሆኖ እንደ ዱላ እጀታ ቀርቷል። እስከዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አለቀስኩ። ዶቶሬው አመመሽ ወይ ብሎ ጠየቀ። አላመመኝም አልኩ። ጅማቱ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰው፤ እንደ አውራ ጣት ወፍሯል። ባቴን፣ የቀረውን ማለቴ ነው፣ ጨበጠ። እግሬ ጎንበስ አለ። ዞር ብሎ ለአባቴ ቦታ ለቀቀለት። አባቴም ጨበጠ። እግሬ ለእሱም ጎንበስ አለ።

አባቴ ግድግዳውን እያየ “ሥጋውን ግን ጨረሰው በለው” አለ።

ዶቶሬው ተረከዙ ከፍ ያለ አሮጌ ጫማ ሰጠኝ፤ ጅማቱ በአንድ ጊዜ እንዳይሳብ ነው። ሁለት ምርኩዝም ሰጠኝ። እንዳትሮጥ፣ እንዳትዘል፣ ዳገት እንዳትወጣ አለ። በየሳምንቱ ከጫማው ሥር አንድ አንድ ሽፋን ቆዳ እየነቀለ እንዲያሳጥረው ለአባቴ አሳየው። እዚህ ላይ አልተከራከሩም።

ማሸቱ ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እግሬን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀሐ ወንዝ እስከ ወገቤ ገብቼ ቆምኩ፤ ውኃው ግማሽ ክብደቴን ይሸከምልኛል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ጠበል ገባሽ እንዴ ይሉኛል። በአራተኛው ሳምንት አባቴ የቤታችንን ግድግዳ አየ። ምርጊቱ በክረምቱ ረግፎ ነበር። ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ፣ አፈርና ጭድ ሞላበት፣ ውኃ ደፋበት።

“ግቢ” አለኝ።

ጭቃ መርገጥ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። እግር ሲገባ ቀላል ነው፤ ሲወጣ ጭቃው አለቅም ይላል፣ ባት ከነጅማቱ መሥራት አለበት። መጀመሪያ ቀን ዐሥር ጊዜ ረግጬ ተቀመጥኩ። እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ቀጭን ጭቃ ጀመርን፤ እየቆየ አባቴ ጭድ እየጨመረ አወፈረው። ማታ ባቴ እንደ እሳት ይነዳል። “ሸጋ” ይላል አባቴ፣ “የሚያምሽ ሥጋ አልነበረሽም፤ አሁን አለሽ።”

ለምርመራ ስመለስ ዶቶሬው ባቴን በሜትር ለካው። ካለፈው ጊዜ ጋር አስተያየው፣ አላመነም፣ እንደገና ለካው።

“ምን አድርጋ ነው? ይላል።”

“ጭቃ ረግጣ” አለ አባቴ።

ዶቶሬው አልሳቀም። ጭቃው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀና ጻፈ።

በሳምንቱ አንድ የጣሊያን ጦር የማኪና መካኒክ ከአስተርጓሚው ጋር በራችን ላይ ቆመ። ማኪና ወድቆበት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ከርሟል። ዶቶሬው ነው የላከው። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

“የጠላት እግር አላሽም በለው” አለ።

አስተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ አልተረጎመም። መካኒኩ የተባለውን ሳያውቅ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን አሳየ። ነጭ፣ ቀጭን፣ የተላጠ ነው፤ ልክ የእኔ እግር የነበረውን ይመስላል። የአባቴ እጅ ከአባቴ በፊት ተዘረጋ። ባቱን ጨበጠ፣ ቁርጭምጭሚቱን አዞረ፣ ተረከዙን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

“ጉድጓዱን አሳዪው” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እኔና መካኒኩ አብረን ጭቃ እንረግጥ ነበር። በአማርኛ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ “እሺ”፣ “ነገ”፣ “ውኃ”። እኔ በጣሊያንኛ የማውቀው ካቦው የሚሳደብበትን ብቻ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ክፍያ ሲያመጣ አባቴ መለሰለት፤ “ከተቀበልኩ ለጣሊያን ተቀጠርኩ ማለት ነው። ካልተቀበልኩ ጭቃዬን አስረገጥኩት ማለት ነው” አለ። ጎረቤቶቻችን እየመጡ በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። ሰንደዶ ያመጣችልኝ ሴትዮ ግን በበሩ ገብታ ጠየቀችው።

“ምነው አያ፣ ፈረንጁን ጭቃ ያስረግጡታል?”

“አገሬን ሲረግጥ ከርሟል። አሁን ለጥቅም ይርገጥ።”

ወሬው አርበኞች ወዳሉበት ደጋ ወጣ። ቅዳሜ ገበያ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ቆሞ ጨው እያገላበጠ፣ ዓይኑን ከጨው ሳያነሣ አናገረኝ።

“አባትሽ የጠላት እግር ያሻል አሉ።”

“ያሻል” አልኩ።

“ምነው?”

“ስለከሳ” አልኩ። ሰለለ የሚለውን ቃል ከሐኪም ቤቱ በኋላ እጠነቀቀው ነበር።

“ከእኛም ወገን እግሩ የከሳ ሰው አለ።”

“ይምጣ።”

ጨዉን ገዝቶ ሄደ። ለአባቴ ነገርኩት። “ግራ ነው ቀኝ?” ብሎ ጠየቀኝ። አልጠየቅኩም አልኩት። ባለመጠየቄ ቅር ተሰኘ።

ሰውዬው የመጣው እንጨት ሻጭ መስሎ፣ አህያ እየነዳ፣ እያነከሰ ነው። የመጣበት ቀን ደግሞ የመካኒኩ ቀን ነበር። እንጨቱን አራግፎ ወደ ጓሮ ሲዞር ፈረንጁ እስከ ባቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አየው። ሁለቱም ተገትረው ቀሩ። የመካኒኩ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የሰውዬው እጅ ጋቢው ውስጥ ነው። እኔ ጭቃው ውስጥ ነበርኩ፤ የትም መሮጥ እንደማልችል አስታውሳለሁ፣ ዶቶሬውም እንዳትሮጪ ብሎኛል።

“ሌላ ቀን ልምጣ አያ?” አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን ከፈረንጁ ላይ ሳይነቅል።

“ጭቃው ይደርቃል” አለ አባቴ። “እግርህን አሳየኝ።”

ሰውዬው አንድ እጁን ጋቢው ውስጥ እንዳደረገ ተቀመጠ። ከአንድ ዋሻ ውስጥ በሸምበቆ ታስሮ ሦስት ወር እንደተኛ ለአባቴ በጆሮው ነገረው። አባቴ እግሩን ገልጦ አየ፤ ሰልሏል። ቅልጥሙ ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት ክብ ጠባሳ አለ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ።

“ግባ” አለው አባቴ።

ሦስታችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆንን። ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የጭቃው ድምፅ ብቻ ነው። መካኒኩ የሰውዬውን ጠባሳዎች አያቸው። ወታደር ነው፤ ጥይት በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያውቃል። ከዚያ ቀና ብሎ በእጁ ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀው።

“በቅሎ ጣለኝ” አለ ሰውዬው።

“በቅሎ” አለ መካኒኩ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ጦሩ በበቅሎ ነው የሚጫነው። ጠባሳውን እንደገና አየው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመንጃውን አየ፣ አባቴን አየ። አባቴ ጭድ እየበተነ ነበር።

“በቅሎ ክፉ” አለ መካኒኩ በአማርኛ፣ መርገጡንም ቀጠለ።

“ክፉ ነው” አለ ሰውዬው።

ከዚያ በኋላ እጁን ከጋቢው አወጣ፤ በአንድ እጅ ሚዛን መጠበቅ አልቻለም ነበርና። አምስት ሳምንት ያህል በየተራና አንዳንድ ቀንም አብረው ረገጡ። መካኒኩ የተናገረ አልመሰለኝም፤ ቢናገር ኖሮ ይህን የማወራ እኔ አልሆንም ነበር። የቤታችን ግድግዳ ተመረገ፣ የጎረቤታችንም ተመረገ፤ ጭቃው ግን ገና ይረገጥ ነበር።

ቆይቶ እንግሊዝና አርበኛ ጎንደርን ከበቡ፣ አውሮፕላን በየቀኑ ይመጣ ጀመር። በዚያ ሰሞን አስተርጓሚው እየሮጠ መጥቶ “አባቴ፣ ዶቶሬው ይፈልግዎታል፤ ጀሶ አለቀበት” አለ። አባቴ ከጓሮ ቀርቀሃ ቆርጦ፣ ሰንጥቆ፣ ተሸክሞ ሄደ። እየተመላለሰ ብዙ ቀን ሠራ። እዚያ ስላየው ነገር ጠየቅኩት። “እጁ ጥሩ ነው” አለኝ ስለ ዶቶሬው። ከተማዋ ስትያዝ ጣሊያኖቹን በማኪና ጭነው ወሰዷቸው። ዶቶሬውንም መካኒኩንም ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም። አስተርጓሚው ወደ አገሩ ሲሄድ መጥቶ ተሰናበተን፤ አባቴ ሲመርቀው ከልማዱ የተነሣ ለዶቶሬው ሊተረጉም ዞር ብሎ ማንም እንደሌለ አየ።

የደጋው ሰው ከአርበኞቹ ጋር ገብቶ ነበር። ጠመንጃውን በግልጽ ተሸክሞ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ ቤታችን መጣ። ሲራመድ ትንሽ ይጎትታል። ጠላውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ያዘው።

“በቅሎው የት ደረሰ?” አለ፣ መካኒኩን ማለቱ ነው።

“ወሰዱት መሰለኝ” አለ አባቴ።

“ሸጋ ሰው ነበር ልል ነበር” አለ ሰውዬው። “አልልም።”

“አትበል” አለ አባቴ።

ጠጥቶ ሄደ።

አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ እንደገና አገባሁ፣ ወለድኩ፣ በጀርባዬ ውኃ ተሸከምኩ፣ የሰው ትከሻ ስቤ መለስኩ። ጅማቴ እንደ ተሰፋ አለ። ባቴ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ከግራው በሁለት ጣት ይቀጥናል፣ አባቴና ዶቶሬው ቢኖሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይከራከሩበት ነበር። ደብራችን ዳገት ላይ ነው። ስወጣ መካከል ላይ ቀኝ እግሬ ቀድሞ ይደክማል፤ ከመንገዱ ዳር አንዲት ድንጋይ ላይ እጄን አሳርፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። የሚያልፈው ሰው የምጸልይ ስለሚመስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። አንዳንድ ጊዜም እጸልያለሁ።